ጥሩምባ የተሰቀለበት ባጃጅ

የእድራችን የኤሌክትሪክ ባጃጅ ደብረ ብርሃን የገባው በጭነት መኪና ተጭኖ ነው። ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየ። እንደ ተራው ባጃጅ ጠባብ አልነበረም። ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተገጥመውለታል፤ በላዩ የሸራ ጣሪያ አለው፤ መግቢያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው እንኳ እግሩን ብዙ ሳያነሳ ይገባበታል። ያመጣው ሰው ቁልፉን ሲያዞረው ምንም ድምፅ አልተሰማም። አንድ ጎረቤታችን "ምነው፣ እምቢ አለ እንዴ?" ብሎ ሲጠይቅ ባጃጁ አጠገቡ ደርሶ ነበር። ዘሎ ሸሸ። ሁላችንም ሳቅን።

በዚያን ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በብርድ ልብስ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እጅ ጽሑፏ ይነበባል ተብሎ በኮሚቴው ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ተመረጥኩ።

ሰፈራችን ከአስፋልቱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ባጃጆቹ ማደያ ደጃፍ ወረፋ ይዘው ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቆማሉ። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይታዩም። ጋሪ ዳገቱን አይወጣም፤ የፈረሱ ኮቴ ኮብልስቶኑ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሕመምተኛውን ደግፎ ወይም አዝሎ እስከ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ከዚያም መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። እድሩ ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ማታ በዕቃ ቤቱ መስኮት በተሳበ ገመድ ቻርጅ ተደርጎ ጠዋት የሚነሳ ባጃጅ ሊገዛ የተስማማው ለዚህ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነው እድርተኛ ስልሳ ዓመት ያለፈው ነው።

ማን ይንዳው የሚለው ጥያቄ በመጣ ጊዜ እጄን አወጣሁ።

"ለፋፊያችን ይንዳው" አልኩ።

ለፋፊያችን እድርተኛ በሞተ ቁጥር በማለዳ በየበሩ ጥሩምባ እየነፋ የሚናገረው ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ረጅም ነው፤ ክረምት ከበጋ የወታደር ካፖርት ይለብሳል። ፈረሱ እስኪሞትበት ድረስ ጋሪ ነጂ ነበር። የሁሉንም ሰው በር ያውቃል፤ አይጠጣም፤ ክፍያውን የሚያገኘው ከእድሩ ነው። የባጃጅ መንጃ ፈቃድም ለብዙ ዓመት ሌላ ሰው ባጃጅ ላይ በተተኪነት ሲሠራ አውጥቷል። "አንድ ሰው ሁለቱንም ቢይዘው ነገሩ ይቀላል" ብዬ አስረዳሁ። ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጻፍኩት። አንደኛ ለሐዘን፣ ሁለተኛ ለሕሙማንና ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲሰጥ፣ በእድሩ ለፋፊ እንዲነዳ፣ በሙሉ ድምፅ።

ባጃጁ ጠበል በተረጨ በማግስቱ አንድ እድርተኛ አረፉ። ለፋፊው ጥሩምባውን ከመስተዋቱ በላይ በተመታች ሚስማር ላይ ሰቅሎ ማለዳ ወጣ። በየመታጠፊያው ይቆማል፣ ጥሩምባውን ያወርዳል፣ ይነፋል፣ ይናገራል፣ መልሶ ይሰቅላል። ረፋድ ላይ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን አመላለሰ። ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል አስገብተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። ሁሉም ሰው ተደሰተ። በሸክም ትከሻቸው የሚላጥ ወንዶች በተለይ በጣም አመሰገኑ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለፋፊው አንድ ሽማግሌን ለዓይን ቀጠሯቸው ሊወስድ በራቸው ላይ ቆመ። ድምፅ ስለሌለው መምጣቱን የሰማ አልነበረም። ውኃ ልትደፋ የወጣች ጎረቤት ባጃጁን አየች፤ ጥሩምባውን አየች፤ ባልዲዋን ጥላ እየጮኸች ገባች። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አራት ሴቶች ቆመው ያለቅሳሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሏቸው።

አንዷ "አባባ፣ እርስዎ" ብላ አፏን ያዘች።

ሽማግሌው "እንግዲያው ከቀብሬ መልስ እሄዳለሁ" ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቀጠሮው አለፈ። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ለሐዘን ካልሆነ በስተቀር በእድሩ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው አልነበረም። ለፋፊው በየቀኑ ጠዋት ከዕቃ ቤቱ አውጥቶ ማዕዘኑ ላይ ያቆመዋል፤ ወንበሩን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ቁጭ ይላል። የባትሪው መብራት ሙሉ ነው። ሰው እያነከሰ በአጠገቡ ያልፋል።

"ደህና አደሩ እማማ፣ ላድርስዎት?" ይላል።

"ቆይ፣ ገና ነኝ" ይሉታል።

እኔም ያኔ በሌላው ላይ አልፈረድኩም፤ ራሴም አልተሳፈርኩም። እግሬ ደህና ነው፣ ለሚያስፈልገው ይሁን ስል ነበር።

የሚያስፈልጋት ሰው ከጎኔ ነበረች። በግንብ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ በፋብሪካው እሷ ሱፍ ማበጠሪያው ላይ፣ እኔ መዝገብ ቤት፣ አንድ ላይ አርጅተናል። ባሏ ሞቷል። አንዲት ልጇ ዐረብ አገር ናት። ስኳር ካለባት ብዙ ዓመቷ ነው። የኅዳር ውርጭ በወረደ ሰሞን እግሯን ልታሞቅ ወደ ከሰል ማንደጃው ጠጋ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ስኳሩ የእግሯን ስሜት ስለወሰደው ሲቃጠል አልተሰማትም። ያነቃት ሽታው ነው። "ማን ሥጋ እየጠበሰ ነው ብዬ ነቃሁ" ስትል እየሳቀች ነገረችኝ።

ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ በዕድል አንድ ባጃጅ አግኝተን። ቁስሉ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ መሃል እግሯ ይደርሳል። ሲስተሯ አጠበችው፣ አሰረችው፣ ከዚያ እኔን እያየች ተናገረች። በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታሳጥበዋለች። እግሩ አይረገጥበትም። ከተረገጠበት ቁስሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ወደ አጥንቱ ከደረሰ እግሩን ለማዳን አይቻልም።

"ሰምተሻል?" አልኳት ስንወጣ።

"ለአንቺ ነው የነገረችሽ፤ አንቺ ሰምተሻል" አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤቷ ገባሁ። ነጠላዋን ለብሳ ጨርሳለች።

"በእድሩ ባጃጅ እንሄዳለን" አልኳት።

"ያ ለፋፊ በሚነዳው?"

"እሱ በሚነዳው።"

"አንቺ ጸሐፊ፣ ስሜን ከአሁኑ ልትጽፊው ነው እንዴ? ትንሽ ታገሺኝ እንጂ።"

"ቀልዱን ተይው። እግርሽን አትርገጪ ተብለሻል።"

"ጣቴን አልረግጥም። በተረከዜ ነው የምሄደው።"

"በተረከዝሽ ይህን ሁሉ ቁልቁለት?"

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያኔ የሰማሁትን ከዚያ በፊትም በኋላም ነግራኝ አታውቅም።

"ከአንኮበር በታች ካለው ቀያችን እናቴን በቃሬዛ ሲያወጧት ስምንት ዓመቴ ነበር። ከኋላ ከኋላ እሄዳለሁ። ዳገቱን ሳይጨርሱ ሞተች። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን መሬት አላስነኩትም። እዚያው መንገዱ ላይ ዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ ቁልቁል አደረጉ፣ በዚያው ቃሬዛ መለሷት። እኔ ከኋላ የነበርኩት ከፊት ሆንኩ። አስከሬን በተሸከመ ነገር ላይ በነፍሴ እያለሁ አልወጣም። ሌላ የፈለግሽውን እዘዢኝ።"

ሌላ የማዘው አልነበረኝም። ክንዷን ይዤ ወረድን። ለወትሮው አጭር የሆነው መንገድ ብዙ ሰዓት ወሰደብን። ማዕዘኑ ላይ ለፋፊው ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፤ በእጁ ወንበሩን አሳየ። እሷ እያየችው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለሌላ ቀን" አለችውና አለፈች። ፋሻው አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ቀላ።

እንዲህ ሆነን ሁለት ሳምንት ተመላለስን። አንዳንድ ቀን ባጃጅ እናገኛለን፤ አንዳንድ ቀን አናገኝም። ሲስተሯ ፋሻውን በፈታች ቁጥር ፊቷ ይከፋል። "እየረገጠችበት ነው" ትላለች። እኔ መሬት አያለሁ።

በወሩ መጀመሪያ እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጉዳዩን አቀረብኩ። ለፋፊው ከሁለቱ ሥራ አንዱን ይተው፣ ሳጥንም በባጃጁ አይጫን፣ ያለዚያ ሕመምተኛ አይሳፈርም አልኩ። የጎረቤቴንም እግር ተናገርኩ።

ሰብሳቢያችንን ዳኛ ነው የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ነገርን ቀስ ብለው ነው የሚይዙት። መነጽራቸውን አደረጉና መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"'በእድሩ ለፋፊ እንዲነዳ በጸሐፊዋ አቅራቢነት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።' ይህ የማን ጽሑፍ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ሐሳቡስ?"

"የእኔ ነው።"

"ታዲያ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው?"

ከዳር የተቀመጠ አንድ አባል "ጸሐፊያችን ማርሽ ቀየሩ" አለ።

"ይሄኛው እኮ ማርሽ የለውም" አለው ሌላው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዳኛውም ሳቁ።

ለፋፊው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። "አንተ ምን ትላለህ?" ብለው ጠየቁት።

"ያዘዛችሁኝን ነዋ ዳኛ።"

"ጥሩምባውን ብትተውስ?"

ካፖርቱን ቆለፈ። "ጥሩምባውን የሰጡኝ ፈረሴ የሞተ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሥራ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ባጃጁን ነገ መንገድ ተከፍቶ ነዳጅ ቢገኝ ትተዉት ይሆናል። ሞት ግን አይቀርም" አለ። ይህን ሲል ማንም አልሳቀም።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "ሰው ይለምደዋል። ትንሽ ጊዜ ስጪው። ካልሆነም በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።"

መናገር እችል ነበር። ወር ይቆያል፣ እግሩ ወር አይቆይም ማለት እችል ነበር። ራሴ ያመጣሁትን ነገር ራሴ ሳፈርስ መታየቴ አሳፈረኝ፤ ሳቃቸውም አሳፈረኝ። "ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል" ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ዛሬም ሲታይ ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ቁልቁለቱ ጉልበቴን አሳበጠውና ተኛሁ። ጎረቤቴ በግንቡ ላይ ድምፅ ታሰማኛለች።

"ሄድሽ?" እላታለሁ።

"ሄድኩ። የታችኛው ሰፈር ልጅ ነዳጅ አግኝቶ ወሰደኝ።"

"ምን አሉሽ?"

"ደህና ነው አሉኝ።"

ሁለት ጊዜ እንዲህ ተባባልን፤ ሦስተኛም። አመንኳት። እውነቱን ለመናገር ማመን ቀሎኝ ነበር።

ተነስቼ ቤቷ የገባሁ ቀን አልጋዋ ራስጌ አንድ እቅፍ ጤና አዳም ተቀምጧል። በሩን እንደከፈትኩ ለምን እንዳስቀመጠችው ገባኝ። ሽታውን አልሸፈነላትም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ጣቶቿ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ከፋሻው አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወጥቷል። ፋሻው እኔ አብሬያት የሄድኩ ጊዜ የታሰረው ነው፤ ሲስተሯ የምትቋጥርበት ቋጠሮ አልተነካም።

"የታችኛው ሰፈር ልጅስ?" አልኳት።

"እሱ ነዳጅ መቼ አገኘ?" አለች።

ሰው ጠራሁ። አራት ወንዶች መጡ። በእድሩ ባጃጅ እንውሰዳት ሲሉ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች። ትኩሳት ስለነበራት እናቷንም እየጠራች ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ለማላቀቅ ሞከሩ፤ ተዉአት አልኩ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ወንበሩን ለአራት ተሸክመው ወረዱ። እኔ ከጎን ነበርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር ስል የእድሩ ባጃጅ ከኋላችን ይከተላል። ሰዎቹ ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይሄዳል። ድምፅ ስለሌለው እሷ አልሰማችም። ለፋፊው ሸማውን አውልቆ ጥሩምባው ላይ ጥሎበታል። እስከ አስፋልቱ ባዶውን ተከተለን። እዚያ ብዙ ቆመን አንድ ሚኒባስ አነሳን።

እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

በማግስቱ ሆስፒታሉ የተቆረጠውን እግር በጨርቅ ጠቅልሎ ለቤተሰብ አስረከበ። ቤተሰብ ያልኩት እኔን ነው። የሰው አካል ነውና ይቀበራል። ሬሳ ስላልሆነ ጥሩምባ የለውም፣ ድንኳን የለውም፣ ፍትሐት የለውም፤ የእድሩ ደንብም ስለ እግር የሚለው ነገር የለም። ሆስፒታሉ በር ላይ ጥቅሉን ታቅፌ ባጃጅ ስጠብቅ ለፋፊው መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

"ይግቡ እማማ" አለኝ።

ገባሁ። በእድሩ ባጃጅ መጀመሪያ የተሳፈርኩት ያን ቀን ነው። ጥቅሉን ጭኔ ላይ አደረግኩ። እግር ከባድ ነው፤ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባጃጁ ዳገቱን ያለ ድምፅ ወጣው፤ ለፋፊው እንደ ጋሪ ዘመኑ ምላሱን ያጮህለታል። ኮብልስቶኑ ላይ እንኳ ብዙም አይንጥም። ሳልፈልግ ምቾቱ ተሰማኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ላይ ራሱ ቆፈረ። ጥቅሉን አስገባን፤ አፈር መለስን። እጁን በካፖርቱ ጠረገና ወደ ባጃጁ ሄዶ ጥሩምባውን ከሚስማሩ አወረደ። ይዞ መጥቶ ሰጠኝ።

"ዕቃ ቤት ያስገቡልኝ።"

"ዳኛው ሳይወስኑ?"

"እሳቸው ስብሰባ ሲደርስ ይወስናሉ። እኔ ጨርሻለሁ።"

"እንጀራህስ?"

"ያን ቀን ስብሰባው ላይ አፌን ብይዘው ይሻል ነበር" አለ። ሚስማሩንም በድንጋይ መትቶ አወለቀው።

ከሆስፒታል ስትወጣ በእድሩ ባጃጅ አመጣናት። በአንድ እግር ዳገት አይወጣም፤ የምትመርጠው አልነበራትም። ለፋፊውና አንድ የሆስፒታል ጥበቃ አንስተው አስገቧት። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀመጠች፤ እኔ ከፊት ለፊቷ። ዳገቱን ስንጀምር እጇን አግዳሚው ላይ አሳርፋ ዳሰሰችው።

"ይህን ያህል ለስላሳ ነው እንዴ?"

"ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ። "እኔም አላውቅም ነበር" አልኳት፤ ይህም እውነት ነው።

ቀና ብላ ለፋፊውን ጠራችው። "አንተ ሰውዬ! ግማሼን አድርሰህልኛል አሉ፤ ለቀሪው አትቸኩል።"

"ቀስ ብዬ ነው የምነዳው እማማ" አለ፤ ወደ ኋላ ግን አልዞረም።

ሰፈር ስንገባ እንደተለመደው ሆነ። ባጃጁን ያዩ ሴቶች በየበራቸው እየወጡ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። የሷን መታመም ሰምተዋል፤ ስለዚህ ማን እንደሆነች ገምተዋል። እሷም አየቻቸው። በሸራው ጎን አንገቷን አውጥታ፣ ዕድሜ ልኬን ከሷ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "አልሞትኩም!" አለች። የመጀመሪያዋ ሴት ወደ ኋላ አፈገፈገች። በሚቀጥለው በር ላይም "አልሞትኩም! ነጠላሽን አስተካክይ!" አለቻት። እስከ ቤቷ ድረስ በሩን ሁሉ እንዲህ እያለች አለፈች። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቤቷ በር ላይ ስናወርዳት ፊቷ በላብ ረጥቦ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛው ውይይት አልከፈቱም። ለፋፊነቱ ለሌላ ሰው እንዲሰጥና በእግሩ እየዞረ እንዲናገር፣ ባጃጁ ሳጥን እንዳይጭን፣ የሹፌሩ ክፍያ እንዳይጓደል ተወሰነ። ማርሽ ቀየሩ ያለው ሰው ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። አንድ መስመር ተኩል የሚሆን ጽሑፍ ነው። ለመጻፍ ምንም ጊዜ አልወሰደብኝም።

የተቆረጠበት ቦታ እስኪድን በየሁለት ቀኑ በባጃጁ ተመላለሰች፤ ባለፈችበት በር ሁሉ ያንኑ ቃል ትናገራለች። የዓይን ቀጠሮ ያመለጣቸው ሽማግሌ አንድ ጠዋት ከፊት ለፊቷ ገብተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ግን ያን ጊዜ አንዱ ጠፍቶ ነበር። ከሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። መብራት ጠፍቶ ባጃጁ ካልተነሳበት ቀን በስተቀር ወንበሩ ባዶ አይሆንም።

እሷ በዓመቱ ሞተች። ቁስል በደህናውም እግሯ ወጥቶ ነበር፤ ይህኛውን እስከ መጨረሻው አሳጠበችው፤ የገደላት ልቧ ነው አሉ። አዲሱ ለፋፊ በእግሩ ዞሮ ተናገረ። በቀብሯ ቀን ዝናብ ስለነበር ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል፤ አንዳንድ ወንዶች ለዛሬ ብቻ ሳጥኑን በባጃጁ እናድርገው አሉ። ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

"ቦታዋ ነው። ሕያው ሆና የተቀመጠችበት ነው" አለ።

በትከሻ ተሸክመው ወሰዷት። መቃብሯ እግሯ አጠገብ ተቆፈረ፤ ቦታውን ለቆፋሪዎቹ ያሳየነው ሹፌሩና እኔ ነን።

መዝገቡን ካስረከብኩ ቆይቷል። ሳስረክብ የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ገጽ ልቅደደው ብዬ አስቤ ነበር። ተውኩት። አንድ ሰው ሁለቱንም ቢይዘው ነገሩ ይቀላል ያልኩት ግን እዚያ ውስጥ አልተጻፈም፤ በቃሌ ነው የተናገርኩት። የማስታውሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ እገምታለሁ።

አሁን ጉልበቴ ብሶበታል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በእድሩ ባጃጅ ሆስፒታል እወርዳለሁ። ሹፌሩ አሁንም ምላሱን ያጮህለታል። አዲስ የገቡ ተከራዮችና የሰፈሩ ወጣቶች አሮጊት ደግፈው ሲሳፈሩ በየበሩ እያለፉ "አልሞትንም!" ይላሉ፤ በር ላይ የቆመውም "እንኳን!" ብሎ ይመልስላቸዋል። የባጃጁ ልማድ መስሏቸዋል። ከየት እንደመጣ አይጠይቁም። እኔ ብዬው አላውቅም።